የእናትህ ስም ማን ነው?

መታወቂያችሁን አውጡና እዩት። የራሳችሁ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም። መንግሥት የሚያውቃችሁ በዚህ መስመር ነው። ኮከብ ሊያስቆጥር ደብተራ ዘንድ የሄደ ሰው ግን የሚጠየቀው ሌላ ነው፤ የእናትህ ስም ማን ነው? የአባት ስም ለርስትም ለክስም ይሆናል፣ እዚህ ጋ ግን አይሠራም። ለምን ብትሉኝ፣ ለእኔ የሚመስለኝ ምክንያት ቀላል ነው። አባት ሊያጠራጥር ይችላል፤ እናት አታጠራጥርም። እንዲህ ያለ ሥራ ደግሞ በሚያጠራጥር ስም ላይ አይቆምም።

ቃሉ ራሱ ይህንኑ ይናገራል። «አስማት» ግዕዝ ነው፤ የ«ስም» ብዙ ቁጥር። ስሞች ማለት ነው፣ በቃ። ዛሬ አስማት ሲባል ጭስ፣ መብረቅና ከኮፍያ የሚወጣ ጥንቸል ይታየናል። ቃሉ ሲወለድ ግን ዝርዝር ነበር፤ የፈጣሪ ኅቡእ ስሞች፣ የመላእክት ስሞች፣ የአጋንንት ስሞች ዝርዝር። «ድግምት»ም ከ«ደገመ» የመጣ ነው። ዳዊት የሚደግም ሰውና ድግምት የሚደግም ሰው፣ ዓላማቸው ሰማይና ምድር ቢሆንም፣ በሰዋስው አንድ ሥራ ነው የሚሠሩት፤ ሁለቱም ቃሉን መልሰው መላልሰው ይሉታል። እንግዲህ አማርኛ ለዚህ ነገር ያሉት ሁለቱ ዋና ቃላት ገና ከመነሻቸው ሁለት ጥያቄ ይዘው ነው የመጡት። የማን ስም? ስንት ጊዜ?

በአሁኑ የአማርኛ ፋንታሲ ውስጥ ያጣኋቸው እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ነው።

የምኖረው ቂሊንጦ ነው፤ አቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ፣ አዲስ አበባ ሊያልቅ ሲል ያለው ኮንዶሚኒየም። ሠፈሩ ውስጥ ማንበብ የሚወዱ ልጆች አሉ። ጥቂቶቹ አጠገባችን ያለው የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። ቴሌግራም ላይ በክፍል በክፍል የሚወጡ ልብ ወለዶችን እየተቀባበልን እናነባለን፤ አንዳንዶቹም ራሳቸው ይጽፋሉ። የታሪኮቹ አጽም በአብዛኛው አንድ ነው። ድሃ ልጅ አለ። አያቱ ደብተራ ነበሩ፣ ሞተዋል። ከሣጥን ሥር ብራና ይገኛል። ልጁ አንዲት የግዕዝ ቃል ጮክ ብሎ ያነባል፤ መብራት ይጠፋል፣ ነፋስ ይነሳል፣ ሦስት ወሮበላ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ከዚያ ወዲያ ልጁን የሚያቆመው የለም። ክፍል 10 ላይ ይሰወራል፣ ክፍል 20 ላይ ይበራል፣ ክፍል 30 ላይ ሙት ያስነሳል። አንባቢው ከሥር «ቀጣዩ መቼ ነው?» እያለ ይጽፋል። እኔም ጽፌ አውቃለሁ። ንግግር መጻፍ ላይ እነዚህ ልጆች ከብዙ የታተመ ደራሲ ይሻላሉ፤ ሠፈር፣ ታክሲ፣ ዶርም ሲጽፉ ድምፁ ይሰማችኋል። አስማቱ ሲገባ ግን ታሪኩ እዚያው ይሞታል። ሁሉን የሚችል ልጅ ምን ሊያሳስበን ይችላል?

አጽሙ ከየት መጣ ቢባል ብዙ ሰው ይስማዕከ ወርቁን ያነሳል። ዴርቶጋዳ በ2001 ዓ.ም. ሲወጣ የጣና ገዳማትን ጥንታዊ ምስጢር ከዘመናዊ ሳይንስ ጋር አጋጥሞ አንድ ትውልድ አንባቢ ፈጠረ። በመጽሐፉ ላይ የራሴ ቅሬታ አለኝ፤ እዚህ የሚነሳ አይደለም። ለሱ ወግኜ የምናገረው አንድ ነገር ግን አለ። እዚያ ምስጢሩ ቢያንስ ጠባቂ አለው። ከሱ በኋላ የመጡት ምስጢሩን ወስደው ጠባቂውን ትተውታል።

ሠፈራችን ደግሞ ለእንዲህ ዓይነት ታሪክ ጥሩ መፈተኛ ነው። ቂሊንጦ ሲባል የአብዛኛው ሰው ሐሳብ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ማረሚያ ቤቱ ነው። ጠያቂዎች ፌስታልና የምግብ ዕቃ ይዘው ከታክሲ ሲወርዱ ማየት ለኛ ለነዋሪዎቹ የዕለት ነገር ነው። ስለዚህ አንድ ወጣት ጸሐፊ ጀግናው «በር የሚከፍት ቃል» እንዳለው ሲነግረኝ የምጠይቀው ይሄንን ነው። ባንተ ዓለም ውስጥ እስር ቤት ምን ይመስላል? ቃሉን የሚያውቅ ሰው አንድ ብቻ ከሆነ፣ ሌላው ለምን አልተማረውም? ብዙ ሰው ካወቀው፣ የእስር ቤቱ አጥር ለምን አሁንም ከብሎኬትና ከሽቦ ይሠራል? ዘቡ እስረኛውን ሲቀበል ምን ይወስድበታል? ቀበቶውንና የጫማ ማሰሪያውን ብቻ ነው ወይስ ስሙንም? እነዚህን የመለሰ ደራሲ ታሪኩ በግማሽ ተጽፎለታል። ብዙዎቹ ግን ጥያቄው ራሱ አልመጣባቸውም።

በታሪካችንም እኮ ይህ ነገር አለ። በጎንደር ዘመን ለዙፋን ሊፎካከሩ የሚችሉ የነገሥታት ልጆች ወህኒ በሚባለው አምባ ላይ በዘብ ይጠበቁ ነበር፤ «ወህኒ ቤት» የምንለው ቃል ከዚያው የመጣ ነው። ያን ያህል ደብተራና ያን ያህል ብራና በነበረበት አገር፣ ገደልና ዘብ መሳፍንቱን ለማቆየት በቂ መሆናቸው ራሱ የሚናገረው አለው። አስማት በሚታመንበት ዘመን እንኳ ማንም በር ይከፍታል ብሎ ቤተ መንግሥቱን አልገነባም። የሚፈለገው ለሌላ ነገር ነበር፤ ወደሱ እመጣለሁ።

መጀመሪያ ስለ ሕግ። አሜሪካዊው የፋንታሲ ደራሲ ብራንደን ሳንደርሰን እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው ጽሑፍ፣ ደራሲ ችግርን በአስማት መፍታት የሚችለው አንባቢው አስማቱ በገባው ልክ ነው የሚል ሕግ አስቀመጠ። ቆየት ብሎ ደግሞ ገደብ ከኃይል ይበልጥ ይማርካል የሚል ሁለተኛ ሕግ ጨመረ። ሀሪ ፖተርን ያነበባችሁ ታስታውሳላችሁ፤ በዚያ ዓለም ምግብን ከምንም መፍጠር አይቻልም። በመጨረሻው መጽሐፍ ሦስቱ ልጆች ጫካ ውስጥ ዱላቸውን እንደያዙ ይራባሉ፤ ረሃቡም ጓደኝነታቸውን ይበላዋል። ገደቧ ትንሽ ናት፣ የሠራችው ሥራ ግን ትልቅ። ከ1974 ጀምሮ የሚጫወቱት ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የተባለው ጨዋታ ደግሞ ከጃክ ቫንስ የ1950 መጽሐፍ አንድ ሐሳብ ወስዷል፤ ጠንቋዩ ድግምቱን ያጠናል፣ አንዴ ከተናገረው ግን ከጭንቅላቱ ይጠፋል። ይህን ለአብነት ተማሪ ብትነግሩት ይስቅባችኋል። በሱ ዓለም የሚሆነው ተቃራኒው ነው፤ ቃል በተደገመ ቁጥር ይተከላል።

ሳንደርሰንን ያነበቡ ልጆች ሕጉን እንዳለ ወስደው የአማርኛ አስማት ላይ ሊጭኑት ሲሞክሩ አይቻለሁ። ሰንጠረዥ ይሠራሉ፤ የእሳት ኃይል፣ የውኃ ኃይል፣ ደረጃ አንድ፣ ደረጃ ሁለት። እንደ ቪዲዮ ጌም ይሆናል። የእኛው አስማት ግን ለዚህ ክፍፍል አይመችም። አሠራሩ ጥብቅ ነው፣ ትርጉሙ ደግሞ ጭጋግ።

አሠራሩን ተመልከቱ። በዓውደ ነገሥት ኮከብ ሲቆጠር እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር አለው። የሰውየው ስምና የእናቱ ስም ፊደላት ይደመራሉ፤ ድምሩ በ12 ይገደፋል፤ ማለትም አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት እየተነሳለት ይሄድና የቀረው ቁጥር ኮከቡን ይነግራል። ሐመል፣ ሠውር፣ ገውዝ፣ ሸርጣን እያለ እስከ ሑት። ይህ ሒሳብ ነው፤ የማያሻማ፣ ማንም ሊደግመው የሚችል። የኮከቦቹ ስም ራሱ ከዐረብኛ የመጣ መሆኑን ልብ በሉልኝ፤ ይህ ዕውቀት በአንድ አምባ ላይ ተዘግቶ የኖረ አይደለም፣ ነጋዴ እንደሚሻገር ባሕር ተሻግሯል። እንዲህ የተቆጣጠረው ደብተራ ግን ክታቡ ላይ የሚጽፋቸው የኃይል ቃላት ምን ማለት እንደሆኑ ብትጠይቁት ሊነግራችሁ አይችልም። ትርጉም የላቸውማ። ወይም ነበራቸውና በመንገድ ጠፍቷል።

እዚህ ላይ ነው የቴሌግራም ደራስያን ትልቁ ስህተት ያለው። ግዕዝን ሮውሊንግ ላቲንን እንደተጠቀመችበት ይጠቀሙበታል። ጀግናው እጁን ዘርግቶ «አርኅው!» ይላል፤ በሩ ይከፈታል። አሪፍ ይመስላል። ግን ግዕዝ ለሚያውቅ ሰው ያ ቃል «ክፈት» ማለት ብቻ ነው። በር አንኳኩቶ «ክፈት» እንደማለት ነው፤ የሚከፍተው ውስጥ ያለው ሰው ነው። ክታብ ጸሐፊዎቹ ግዕዝን አሳምረው የሚያውቁ፣ ብዙዎቹም ቅኔ የሚቀኙ ሰዎች ነበሩ። ስለዚህ ለእነሱ ግዕዝ ምስጢር አልነበረም፤ የሥራ ቋንቋ ነበር። ጸሎቱን፣ ታሪኩን፣ ልመናውን በግዕዝ ይጽፉታል። ኃይል አለው የሚባለው ቃል ጋ ሲደርሱ ግን ግዕዝም አማርኛም ያልሆነ ነገር ይገባል፤ ከዕብራይስጥ፣ ከግሪክ፣ ከዐረብኛ የተንከባለለ፣ በገልባጭ እጅ የተሸራረፈ የስም ሰንሰለት።

አንድ ምሳሌ ላንሳ፤ ከአስማት ውጭ የምታውቁት። ኦርቶዶክስ ሆናችሁ ያደጋችሁ ሁሉ የአምስቱን ቅንዋተ መስቀል ስም ሰምታችኋል፤ ሳዶር፣ አላዶር፣ ዳናት፣ አዴራ፣ ሮዳስ። ክርስቶስ የተቸነከረባቸው ችንካሮች። አሁን የክሪስቶፈር ኖላንን የ2020 ፊልም ቴኔትን አስቡ። የፊልሙ ርዕስ የተወሰደው ከአንድ ጥንታዊ የላቲን አደባባይ ነው፤ አምስት ቃላት በአምስት ረድፍ ተጽፈው ከላይ ወደ ታችም ከግራ ወደ ቀኝም አንድ ዓይነት የሚነበቡ። ሳቶር፣ አሬፖ፣ ቴኔት፣ ኦፔራ፣ ሮታስ። እ.ኤ.አ. በ79 በእሳተ ገሞራ አመድ በተቀበረችው በፖምፔ ግድግዳ ላይ ተጭሮ ተገኝቷል። ሁለቱን ጎን ለጎን ስታዩዋቸው ሌላ ማስረጃ አያስፈልጋችሁም። የሮም ሰው ግድግዳ ላይ የጫረው የቃላት ጨዋታ፣ ትርጉሙን እያራገፈ አገር ለአገር ዞሮ፣ እኛ ጋ ሲደርስ ስም ሆነ። ስም ሲሆን ደግሞ ቁም ነገር ሆነ፤ በስቅለት የሚሰገድለት። ምናባዊ ዓለም መፍጠር ለሚፈልግ ደራሲ ከዚህ የተሻለ ትምህርት የት ይገኛል? ቃል ኃይል የሚያገኘው ትርጉሙን ሲያጣና ባለቤት ሲያገኝ ነው።

ወደ ባለቤቱ ልምጣ፤ የዚህ ሁሉ ልብ እሱ ስለሆነ።

ክታብ በመስታወት ውስጥ ተዘርግቶ ያያችሁ ከሆነ መጀመሪያ የሚገርማችሁ ርዝመቱ ነው። በግ ወይም ፍየል ታርዶ፣ ቆዳው ተፍቆ፣ በቀጭኑ እየተቆረጠ ተሰፍቶ እንደ ጥቅል የሚዘጋጅ ብራና ነው። እንደ ልማዱ ርዝመቱ በሚለብሰው ሰው ቁመት ይለካል፤ ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ እንዲጠብቀው። የሚያፈጥጡ ዓይኖች የተሣሉበት ጠልሰም አለው። ጽሑፉ በጥቁር ቀለም፣ ስሞቹና መነሻዎቹ በቀይ። በየጸሎቱ መሐል ደግሞ ክፍት ቦታ ይተዋል፤ እዚያ የባለቤቱ የክርስትና ስም ይገባል፤ ወለተ እገሌ፣ ገብረ እገሌ። ያ ስም ካልገባ ክታቡ ገና ብራና ነው።

በርካታ ክታቦች ላይ ያለው ስም የሴት ነው፤ ከሚደጋገሙት ጸሎቶች አንዱም የሱስንዮስና የውርዝልያ ነው። ታሪኩ አጭር ነው። የሱስንዮስ ሚስት ትወልዳለች፤ ውርዝልያ የምትባል ገብታ ሕፃኑን ትገድለዋለች። አባትየው ፈረሱን ጭኖ ጦሩን ይዞ ይከተላታል፤ ያገኛታል፤ ወደ ምሥራቅ ዞሮ ይጸልይና ይወጋታል። ስትያዝ ትምላለች፤ ስምህ ባለበት አልደርስም ብላ። ጸሎቱ የሚደገመው ሕፃናት ለሚሞቱባቸው፣ ፅንስ ለሚጨነግፍባቸው ሴቶች ነው።

ይህን እንደ «አስማት ሥርዓት» አንብቡት እስኪ። ኃይሉ ከየት ነው የመጣው? ከመሐላ። መሐላው ምን ገደብ አለው? ስሙ ባለበት ቦታ ብቻ ነው የሚሠራው። ስሙ የሌለበት ቤት ክፍት ነው። ደግሞ ሱስንዮስ ውርዝልያን ያሸነፈው ልጁ ከሞተ በኋላ ነው፤ ታሪኩ ውስጥ ማንም ያን ሕፃን አያስነሳውም። ይህን ያህል ኃይል ያለው ቅዱስ እንኳ ማዳን የቻለው የሌላ ሰው ልጅ ነው፣ ቀጣዩን። ክታቡን አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴትም ይህን ታውቃለች። ለሞተው አይደለም የምትለብሰው። ክፍል 30 ላይ ሙት የሚያስነሳው ጀግናችን ይህችን ሴት ቢያገኛት ምን ይላት ይሆን? ያስነሳላታል፤ ታሪኩም ያልቃል። እሷ ግን ታሪክ የሆነችው የሚያስነሳላት ስለሌለ ነው።

ቤተ ክርስቲያንም ነገሩን ዝም ብላ አላየችውም። እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ጠንቋይንና ክታብን በጽሑፍም በቅጣትም አጥብቀው ተዋግተዋል። ይህ ራሱ ሌላ ገደብ ነው። ቀን ማኅሌት የሚቆም ሰው ማታ በኩራዝ የሚጽፈውን ይደብቃል። የተከለከለ ሥራ ዋጋው ይወደዳል፤ ሠሪውም በደንበኛው እጅ ይወድቃል። አንድም የቴሌግራም ደብተራ «ብትናገሪ እጠፋለሁ» ብሎ ሲፈራ አላነበብኩም።

ዑርሱላ ሌጉዊን በ1968 ባወጣችው ኤርዝሲ ልብ ወለዷ ያዋቀረችው ዓለም ከዚህ ሁሉ የውጭ መጽሐፍ ለኛ የሚቀርብ ይመስለኛል። እዚያ እያንዳንዱ ነገር እውነተኛ ስም አለው፤ ስሙን ያወቀ ያዘዋል። ሰዎች እውነተኛ ስማቸውን ለሚያምኑት ብቻ ይነግራሉ፤ ለሌላው የመጠሪያ ስም አላቸው። የክርስትና ስማችሁን ለማንም አትንገሩ ተብላችሁ ያደጋችሁ ካላችሁ መጽሐፉ እንግዳ አይሆንባችሁም፤ ምክንያቱ ያው ነው፣ ጠላት እንዳይሠራበት። ሌጉዊን ግን እዚያ ላይ አላቆመችም። እዚህ ዝናብ ብታወርድ እዚያ ድርቅ ይሆናል ብላ ዓለሙን ሚዛን ላይ አስቀመጠችው። ጀግናዋ ጌድ በትዕቢት ሙት ሲጠራ፣ የተከፈተውን ሊዘጋ አንድ ሽማግሌ ሕይወቱን ከፈለ። መማር፣ ስም ማጥናት፣ ለዓመታት ዝርዝር መሸምደድ እዚያ አሰልቺ ሥራ ነው፤ ልክ እንደ ቃል ትምህርት። እኔ የሚገርመኝ ካሊፎርኒያ የተወለደች ሴት ይህን በምናቧ ስትደርስበት፣ ከሴት አያቱ ቤት ክታብ ተንጠልጥሎ ያደገ ልጅ ዱላና መብረቅ መበደሩ ነው።

ዋጋን በተመለከተ ከአብሾ የተሻለ ምሳሌ የለንም። የሚጠጣ እንጂ የሚደገም ባይሆንም። የአብነት ተማሪ ትምህርቱ ቶሎ እንዲገባው ይጠጣዋል ይባላል። አእምሮው ይከፈታል፤ በአንድ መስማት ይይዛል። በምላሹ ግን መጠጥ በቀመሰ ቁጥር ያብዳል። ዛሬም ቡና ቤት ውስጥ ወንበር የሚወረውረውን ሰው «አብሾ አለበት» እንለዋለን፤ የውሉን ግማሽ ረስተን ቅጣቱን ብቻ ይዘን ቀርተናል። ከዚህ ጋር ከሚጠቀሱት ተክሎች አንዱ አስተናግር ነው፣ አጤ ፋሪስም ይሉታል፤ ስሙ እንደሚለው ያስለፈልፋል። (መርዝ ነው። እንዳትሞክሩት።) ሠፈራችን አጠገብ ለመድኃኒት ፋብሪካዎች የተከለለ የኢንዱስትሪ ፓርክ አለ፤ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር አማርኛ እዚያ የሚመረተውንም፣ «ባሏን መድኃኒት አቀመሰችው» ሲባል የሚታማውንም በአንድ ቃል መጥራቱ ይገርመኛል። ቃሉ አንድ የሆነው በስንፍና አይመስለኝም። ሁለቱም ቦታ ጥያቄው መጠን ነው።

አሁን ብዙ ሰው የማይስማማበትን ልናገር። በአማርኛ ልብ ወለድ ውስጥ ከሁሉ የተሻለው የአስማት ሥርዓት ያለው አንድም አስማት በሌለበት መጽሐፍ ውስጥ ነው፤ በ1958 ዓ.ም. በወጣው በሐዲስ ዓለማየሁ ፍቅር እስከ መቃብር። በዛብህን ወላጆቹ እንዲተርፍላቸው ብለው ተስለውበታል፤ ዓለማዊ ኑሮ፣ ትዳር እንዳይኖረው ሆኖ ለእግዚአብሔር የተሰጠ ልጅ ነው። ስለት ምንድን ነው? የተነገረ ቃል ነው። ቅድመ ሁኔታ አለው፤ ከተረፈ። ዋጋ አለው። የዚህኛው ጭካኔ ደግሞ ተናጋሪውና ከፋዩ ሁለት ሰው መሆናቸው ነው፤ እናት አባት ተናገሩ፣ ልጅ ይከፍላል። በዛብህ ሰብለ ወንጌልን ሲወድ የሚጥሰው የፊታውራሪ መሸሻን አጥር ብቻ አይደለም፤ ገና አፍ ሳይፈታ በስሙ የተባለውን ቃልም ነው። መጨረሻውን ርዕሱ ነግሯችኋል። ሞቱ የስለቱ ቅጣት ነው ወይስ የዘመኑ ሥርዓት ግፍ? በሁለቱም ማንበብ ይቻላል፤ መጽሐፉ አንዱን መርጦ አያፍናችሁም። ፋንታሲ እጽፋለሁ የሚል ሰው ከዚያ መጽሐፍ ፍቅሩን ትቶ ስለቱን ብቻ ደግሞ ቢያነበው ምኞቴ ነው።

የቀረኝ ደስ የማይለው ጉዳይ ነው። ገደብ የሌለው አስማት ታሪክን ማበላሸቱ የደራሲው ራስ ምታት ነው፤ ሰው ላይ ሲያርፍ ግን ሌላ ነገር ይሆናል። ከምናነባቸው ታሪኮች በጥቂቱ ውስጥ ክፉው ቡዳ ነው፤ ማታ ጅብ ይሆናል፣ በዓይኑ ይበላል፣ ብዙውን ጊዜም አንጥረኛ ነው። ደራሲው ይህን ከአየር አላመጣውም። በክታቦቹ ውስጥም ነሀብትን፣ ማለትም ብረት ቀጥቃጮችን፣ ከአጋንንት ጋር የሚቆጥር ጸሎት አለ። ቡዳ በላው የተባለ ሰው በጢስ ታፍኖ «ማን በላህ?» እየተባለ ይጠየቃል፤ ስም እስኪጠራ ድረስ። እዚህም ስም ነው። ግን ያ ስም የመልአክ ወይም የጋኔን አይደለም፤ ማዶ ያለው የጎረቤት ስም ነው። አንጥረኛው፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቤተ እስራኤሎች ለትውልድ የተጠሩበት ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ እስከማውጣት የደረሱት ነገሩ ተረት ብቻ ስላልነበረ ነው። ማሰሮ የምትሠራ ሴት ያለ ምንም ሒሳብ፣ ያለ መሐላ፣ ያለ ዋጋ፣ በማየት ብቻ ትገድላለች ብሎ የሚያምን ሰው፣ ገደብ የሌለውን አስማት ከሁሉ ቀድሞ የጻፈው እሱ ነው። ወጣት ደራሲ ቡዳን ሲጽፍ የምጠይቀው አንድ ነገር አለ፤ ስሙ ከተጠራ በኋላ በማግሥቱ ያ ሰውዬ ገበያ ሲወጣ ምን ሆነ? እስካሁን በማግሥቱ ያለውን የጻፈልኝ አንድ ልጅ ብቻ ነው፤ እሱም አስማቱን በሙሉ አውጥቶ።

ዛሬ በአውሮፓ ቤተ መጻሕፍትና ሙዚየሞች ውስጥ ብዙ ክታቦች ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. ከ1931 እስከ 1933 አፍሪካን ያቋረጠው የማርሴል ግሪዮል ጉዞ ብቻ ከጎንደር አካባቢ ብዙ ብራና ወደ ፓሪስ ወስዷል። ከክታቦቹ መካከል አንዳንዶቹ ላይ የስሙ ቦታ ተፍቆ ሌላ ስም ተጽፎበታል። ባለቤቷ ሞታለች፣ ወይም ሸጣዋለች፣ ወይም ለልጇ አውርሳዋለች። ቀለም በምላጭ ይፋቃል፤ ቦታው ሳሳ ብሎ ይቀራል፣ በላዩም አዲሲቱ ወለተ እገሌ ትገባለች። ቁመት ግን አይፋቅም። ብራናው የተለካው በመጀመሪያዋ ሴት ነው። ሁለተኛዋ ከሷ ረዘም ያለች ከነበረች፣ እግሯ ሥር ማንም ያልጻፈላት አንድ ስንዝር አለች።